ቢላችን ቶሎ የሚደንዘው በእኛው ስህተት ነው

ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ቆማችሁ ቆሮሶ ሲበለት ካያችሁ፣ ልጁ ከዓሣው ጋር አይታገልም። ቢላውን ከጭንቅላቱ ሥር ያስገባና አከርካሪውን ተከትሎ ወደ ጭራው ይስባል። በቃ፣ ሥጋው ተነሳ። እኛ ቤት ግን ቲማቲም እንኳ ይጨፈለቃል እንጂ አይቆረጥም። ጥፋቱ ሁልጊዜ የቢላው አይደለም።

ሳህን ላይ መክተፍ አንዱ ነው። ሸክላና ብርጭቆ ለቢላ ስለት እጅግ ጠንካራ ናቸው፤ ስለቱ በነካቸው ቁጥር ይታጠፋል። እንጨት መክተፊያ ተጠቀሙ። የሚገርመው፣ ያው ሸክላ፣ ሲኒ ሆኖ ሲገለበጥ መሳያ ይሆናል። ቂጡ ላይ ያለው ሻካራ ክብ ቢላ ይስላል። እናቴ ሞረድ ገዝታ አታውቅም።

ከሁሉ የከፋው ግራይንደር ነው። አንድ ደህና ቢላዬን በር የሚበይዱበት ቤት ወስጄ አስሳልኩት። ብልጭታው ሲያምር! ሲመለስልኝ ስለቱ ጥግ ሰማያዊ ሆኗል። እኔ ጌጥ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ብረት እንዲህ የሚሆነው ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ነው፤ ያኔ ጥንካሬው ይቀንሳል። በሳምንቱ ደነዘ። ብስለው፣ ብስለው፣ ያው ነው። ሰማያዊው ተሞርዶ እስኪያልቅ መፍትሔ የለውም። ድንጋይ ላይ፣ ውሃ እያስነኩ፣ ቀስ ብሎ መሳል ይሻላል።

ስትስሉም ቢላውን በየምልልሱ አንዴ ቀና አንዴ ዘንበል አታድርጉት። ከድንጋዩ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ቀና ካለ ይበቃል፤ የ90 ግማሹ 45፣ የሱ ግማሽ 22 ተኩል፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ። ብዙ ሰው አንድ ጎን ስሎ ይተወዋል። በሌላው ጎን ግን ፀጉር የምታክል የብረት ክር ትታጠፋለች። ጣታችሁን ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ ቀስ አድርጋችሁ ብታሳልፉ ትይዛችኋለች። ሁለቱን ጎን ተራ በተራ ለስለስ አድርጋችሁ ሳሉ፣ ትረግፋለች።

ሎሚ የነካው ቢላ ሳይታጠብ አይደር። ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ከሆነማ ጠዋት ዝጎ ታገኙታላችሁ።

ለጀማሪ ደግሞ «እንዳይቆርጠው» ብሎ ዶልዱም ቢላ መስጠት አለ። ዶልዱም ቢላ ጉልበት ይፈልጋል፤ ጉልበት ሲበዛ ያዳልጣል። አውራ ጣቴ ላይ ያለችው ጠባሳ ከዚያው ከሰማያዊው ቢላ ናት። ድንች ልላጥ ብዬ ነው።