ኪስ ሳይራቆት፣ ጉልበት ሳይከዳ፦ የአንድ ሳምንት የጾም ምግብ እንዴት እንደሚዘጋጅ

የጾም ምግብ ርካሽ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው እንጀራው የበዛ፣ ወጡ የቀጠነ ማዕድ ነው። ሆድ ይሞላል፤ ግን አሥር ሰዓት ሳይሆን ይርባል፣ ጉልበትም ይከዳል። ጥፋቱ የሥጋና የወተት መቅረት አይደለም። ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ የሚቀነሰው ድስቱ ውስጥ የሚገባው ምስርና ሽሮ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሂሳቡን ከዚያው ይጀምሩ፦ ከወሩ በጀት አስቀድሞ የጥራጥሬው ይነሣ፣ የተረፈው ለዘይትና ለአትክልት ይደልደል።

1. መጠኑን መወሰን

ለአንድ አዋቂ በሳምንት 1 ኪሎ ደረቅ ጥራጥሬ ይያዙ። በቀን 140 ግራም ገደማ ይደርሳል፤ ከዚህም 30 ግራም ያህል ፕሮቲን ይገኛል። በሳምንት 2 ኪሎ የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ ቢበላ በቀን ሌላ 35 ግራም ይጨምራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 50 ግራም ገደማ ስለሚበቃው ትርፍ አለ ማለት ነው። እንጀራ ብቻውን አያወጣም የሚባለው የእህል ፕሮቲን ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው ነው፤ ያንን የሚሞላው ጥራጥሬው ነው።

የአንድ ሰው የሳምንት አስቤዛ ይህን ይመስላል፦ 400 ግራም ድፍን ሽምብራ፣ 300 ግራም ምስር፣ 300 ግራም ሽሮ፣ 2 ኪሎ የጤፍ ዱቄት፣ ግማሽ ኪሎ በሶ፣ 1 ኪሎ ተኩል ድንች፣ 3 እስር ጎመን፣ ግማሽ ኪሎ ካሮት፣ 1 ኪሎ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ቲማቲም፣ አሥር ያህል ቃሪያ፣ 3 ሎሚ፣ 200 ግራም ተልባ፣ 300 ሚሊ ሊትር ዘይት። ተደምሮ በቀን ወደ 2,500 ካሎሪ ይሰጣል። የጉልበት ሥራ የሚሠራ ሰው ቆሎና ለውዝ ይጨምርበት።

ምስር ከተወደደ አይጨነቁ። በ100 ግራም ደረቅ ሲሰላ ባቄላ 26፣ ምስር 24፣ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አላቸው፤ ልዩነቱ ያን ያህል ስላልሆነ የዚያን ሳምንት ርካሹን መግዛት ነው። ከክክ ይልቅ ድፍኑ ይረክሳል፣ የክካቱን ድካምና የሚበጠረውን ገለባ አይከፍሉበትምና። ጤፉም ከከበደ እስከ ሲሶ ድረስ ማሽላ ወይም በቆሎ ይቀላቅሉበት። ሩዝ እንጀራውን ያነጣዋል፣ ብረቱን ግን ያሳጣዋል።

ተፈጭቶ የሚሸጥ ሽሮ ከገበያው ዋጋ በጣም ከረከሰ ይጠራጠሩ፤ ጓያ የሚቀላቀልበት ጊዜ አለ። ጓያን ለወራት ዋና ምግብ ማድረግ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ሕመሙም አይመለስም። ከተቻለ ሽምብራውን ወይም አተሩን ራስዎ ገዝተው፣ አምሰውና አስከክተው ወፍጮ ቤት ይላኩ።

2. ሽምብራውን አንድ ጊዜ መቀቀል

ነዳጅም ገንዘብ ነው፤ ስለዚህ 400 ግራሙን ባንዴ ይቀቅሉ። ማታ ለቅመውና አጥበው በሦስት እጥፍ ውሃ ይንከሩት። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ሲቆይ እጥፍ ይሆናል። የነከሩበትን ውሃ ይድፉት፤ ሆድ የሚነፋው ነገር ከፊሉ የሚወጣው ከዚሁ ውሃ ጋር ነው። በአዲስ ውሃ፣ ከላዩ አራት ጣት ያህል አስተርፈው ይጣዱት። በተራ ድስት ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ በፕሬዠር ድስት 25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሁለት ጣት ሲጫኑት ያለ ትግል ከፈረሰ በስሏል።

አልበስል ካለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ ሽምብራው የከረመ ነው፣ ወይ ቲማቲም ወይም ሎሚ ቀድሞ ገብቶበታል። ኮምጣጣ ነገር ጥራጥሬን ያደነድናል፤ ከበሰለ በኋላ ብቻ ይጨመር። ቤኪንግ ሶዳ ቶሎ ያበስላል፣ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፤ ባይለመድ ይሻላል።

የበሰለውን ሦስት ቦታ ይክፈሉት፦ አንዱ ለቁርስ ንፍሮ፣ አንዱ ከድንችና ከካሮት ጋር ለወጥ፣ አንዱ በቲማቲም፣ በሽንኩርትና በሎሚ ለሰላጣ። ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ግማሹን ብቻ ቀቅለው ጠዋትና ማታ ያፍሉት፣ ከሁለተኛው ቀን አያሳልፉት። ጥራጥሬ ቶሎ ይኮመጥጣል፤ ካረፋ ይደፋ።

3. ሽሮውን ሽሮ ማድረግ

ለአንድ ሰው ለአንድ ገበታ 50 ግራም ዱቄት ያስፈልጋል፣ ሞላ ባለ የሾርባ ማንኪያ አምስት ያህል። በሁለት ማንኪያ የሚሠራው ቀለም የገባበት ውሃ ነው።

አንድ ራስ ሽንኩርት አድቅቀው ዘይት ሳያስገቡ ድስቱ ላይ ያቁላሉት፤ መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ያድርጉበት። ጠውልጎ ሽታው ጣፈጥ ሲል 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይግባ። ዘይት ከመጀመሪያ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠጣዋል፣ ያኔ እጅ ሌላ ማንኪያ ይጨምራል። አንድ ብርጭቆ ተኩል ውሃ አፍልተው፣ ዱቄቱን በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ይጨምሩ፤ ደረቁን የፈላ ውሃ ላይ ከበተኑት ይጓጉላል። በመጠነኛ እሳት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንተክተክ። አምስት ደቂቃ ላይ ያወረዱት እንደሆነ የጥሬ እህል ሽታው አይለቅም፣ ሆድም ይነፋል። ማንኪያው ሲወጣ ጀርባው ላይ ሽፋን የማይተው ሽሮ ቀጥኗል።

4. ጎመን፣ ቃሪያና ቡና

ጎመን ሳይከተፍ ይታጠብ፤ ከተከተፈ በኋላ ሲታጠብ ቫይታሚን ሲው ከውሃው ጋር ይሄዳል። በጥቂት ውሃ ከድኖ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ቀቅሎ ውሃውን መድፋት የተለመደ ነው፣ የሚደፋው ግን የገዙት ነገር ነው። አንድ ማንኪያ ዘይት ያግኘው፤ ጎመንና ካሮት ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ ምንጭ ያለ ቅባት በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። ለካልሲየም ሲባል ከቆስጣ የሐበሻ ጎመን ይመረጣል፤ ቆስጣ ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት ይበዛበታል።

ብረት ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጤፍ ብረት አለው፣ ነገር ግን ሲለካ የሚገኘው ከፊሉ ከውድማ የመጣ አፈር ነው። የእህልና የጥራጥሬ ብረትም በቀላሉ አይወሰድም። ሊጡን 2 ወይም 3 ቀን በደንብ ማቡካት ብረቱን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሳል። ከምስሩ ጎን የሚቀመጥ ጥሬ ቃሪያ፣ ስንግ ቢሆን ደግሞ ከነሎሚውና ከነቲማቲሙ፣ በቫይታሚን ሲው የብረቱን መወሰድ ያግዛል። ምሳ እንደተነሣ የሚቀርበው ቡና ተቃራኒውን ይሠራል፤ ሻይም እንደዚያው። ረከቦቱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይዘግይ።

5. ጠዋት

ዳቦ በሻይ ውድም ነው፣ አያቆይምም። በእሱ ፈንታ 70 ግራም በሶ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ወይም በጥቂት ዘይትና በርበሬ ጨብጦ መብላት እስከ ምሳ ያደርሳል። ተልባውን ለብ አድርገው አምሰው ይውቀጡት፤ በቀን 2 የሾርባ ማንኪያ በውሃ በጥብጠው ከበሶው ጋር ይጠጡ። ሳይወቀጥ የተዋጠ ተልባ እንዳለ ይወጣል፣ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ቅባቱም አብሮት። የተወቀጠው ቅባቱ ቶሎ ስለሚበላሽ ለሦስትና ለአራት ቀን የሚሆነውን ብቻ ያዘጋጁ።

6. ከዚህ ሁሉ የማይገኘው

ቫይታሚን ቢ12 በአትክልትም በጥራጥሬም የለም። 55 ቀን ጾሞ በፋሲካ ወደ እንቁላልና ወተት ለሚመለስ ጤነኛ አዋቂ ጉበቱ ውስጥ ያለው ክምችት ያሻግረዋል። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይበላ ግን ከመድኃኒት ቤት ኪኒኑን መግዛት አለበት፦ በቀን 10 ማይክሮግራም ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ 2,000 ማይክሮግራም። እጅና እግር መደንዘዝ ከጀመረ ሳይዘገዩ መመርመር ነው፤ ነርቩ ከተጎዳ ላይመለስ ይችላል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ሕፃናት ግን በዚህ ልኬት አይመሩ፣ የእነሱን መጠን የጤና ባለሙያ ይወስን።

ጨውም አዮዲን ያለው ይሁን፤ በክዳን ዕቃ ይቀመጥ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል ይጨመር።