እየሞተ ያለ ሴልን በኳንተም ዶት መለየት፦ ደብረ ብርሃን ላይ ለምትሠሩ

ሴል በሥርዓት ሲሞት (አፖፕቶሲስ የምንለው ነው) ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የሚኖር ፎስፋቲዲልሴሪን የተባለ ቅባት ወደ ውጭ ይገለበጣል። አኔክሲን ቪ የተባለው ፕሮቲን ደግሞ ይህን ቅባት ይይዛል። የእኛ ሥራ አኔክሲኑ ላይ ኳንተም ዶት ማሰር ነው። ጥቂት ናኖሜትር የምታህል ቅንጣት ናት፤ ብርሃን ሲያርፍባት ታበራለች፤ ቀለሟን የሚወስነው መጠኗ ነው። የፈረንጆቹ 2023 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጠው ለእሷ ነው። እኔ የምወዳት ቶሎ ስለማትደበዝዝ ነው። ብዙ ተማሪ በአንድ ማይክሮስኮፕ በየተራ ሲያይ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አኔክሲን ያለ ካልሲየም አይይዝም። ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ነጭ የደም ሴል ልትመረምሩ ከሆነ ወይንጠጅ ክዳን ያለውን ቱቦ ተዉት፤ ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚጨመር ነው) ካልሲየሙን ይወስደዋል። አረንጓዴ ክዳን ባለው፣ ሄፓሪን በያዘው ቱቦ ቅዱና ሴሎቹን ደጋግማችሁ እጠቡ። ፕሌትሌቶችም (ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሴሎች) ይህን ቅባት ስለሚያወጡ በቀስታ ሴንትሪፊዩጅ አስወግዷቸው።

ቡፈሩ (ሥራው የሚካሄድበት፣ ፒኤቹን የሚጠብቀው ውህድ) 10 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ 140 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ፣ 2.5 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ፣ ፒኤች 7.4 ነው። በእሱ ውስጥ ባዮቲን የተያያዘበትን አኔክሲን ጨምሩና 15 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆዩ። እጠቡ። ከዚያ ስትሬፕታቪዲን (ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን) ያለውን አረንጓዴ ኳንተም ዶት ጨምራችሁ እንደገና አቆዩና እጠቡ። በየእጥበቱ ቡፈሩ ያው ይሁን፤ ካልሲየም የሌለው ከሆነ አኔክሲኑ ይለቃል።

መመሪያው «በክፍል ሙቀት» ሲል ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ማለቱ ነው። በኅዳር ውርጭ ጠዋት የኛ ክፍል ይህ ሙቀት የለውም። ቴርሞሜትር አስቀምጡ፤ ካስፈለገ ኢንኩቤተሩን 22 ላይ አድርጉ። ኳንተም ዶቱን ግን ፍሪጅ ውስጥ አኑሩ እንጂ ፍሪዘር አታስገቡ፤ ይጓጉላል።

መጨረሻ ላይ ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የተባለውን ቀለም ጨምሩ፤ ሽፋኑ የተቀደደ ሴል ውስጥ ብቻ ገብቶ ቀይ ያበራል። አረንጓዴ ብቻ ካያችሁ እየሞተ ያለ ነው። ሁለቱም ካሉ ሞቷል፤ እንዴት እንደሞተ ግን ይህ ብቻውን አይነግራችሁም። ሁለቱም ከሌሉ ሕያው ነው። ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ ናሙና) ሳትይዙ አትፍረዱ፦ አንዱን ናሙና ሳትቀቡ ተዉት፤ ሌላውን ካልሲየም በሌለው፣ ኢዲቲኤ ባለው ቡፈር ሥሩ። በዚህኛው አረንጓዴው ካልጠፋ፣ ዶቱ ያለ አኔክሲን በዘፈቀደ እየተጣበቀ ነው ማለት ነው።

ይህ ለምርምር እንጂ ለታካሚ ውጤት መጻፊያ አይደለም። ብዙዎቹ ዶቶች ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት አላቸው፤ ጓንት አድርጉ፣ ትራፊውንም ሲንክ ውስጥ ሳትደፉ ለብቻው፣ መለያ በተለጠፈበት ጠርሙስ ሰብስቡ።