ለሐዋሳ ጀማሪ ድንጋይ ሰብሳቢዎች፦ ችግርና መፍትሄ

በሐዋሳ ዙሪያ የሚለቀመው ድንጋይ አብዛኛው የእሳተ ገሞራ ውጤት ስለሆነ ቀለሙ ብቻውን ያሳስታል። ምስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ኮምጣጤና ትንሽ ሚዛን ካላችሁ ለመነሻ ይበቃል።

ጥቁር ድንጋዮች ይመሳሰላሉ

ምክንያት፦ ባልጩትና ባዛልት ሁለቱም ጥቁር ናቸው። የቆየ ገጻቸው ደግሞ በአቧራና በዝናብ ይደበዝዛል።

መፍትሄ፦ አዲስ የተሰበረ ገጽ ፈልጉ። ባልጩት እንደ ጠርሙስ ያብረቀርቃል፤ ስብራቱ ጎድጎድ ያለ ነው፤ ስስ ጠርዙን ወደ ፀሐይ ስትይዙት ብርሃን ያሳልፋል። ባዛልት ፈዛዛ ነው፣ ለመጠኑም ይከብዳል። በሐዋሳ አቅራቢያ ባለው ሰፊ የእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ፣ በኮርቤቲ ውስጥ ያሉት ኡርጂና ጫቢ ባልጩት ያፈሰሱ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ባልጩት ስትሰብሩ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርም አድርጉ፤ ፍንጣሪው ከምላጭ አያንስም።

ነጩ ክሪስታል ኳርትዝ ነው ወይስ ሌላ?

በምስማር ጫሩት። መስመሩን በጣት አሹት፤ ከጠፋ የተፋቀው ምስማሩ እንጂ ድንጋዩ አይደለም። ከተጫረና ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብ አረፋ ከሰጠ ካልሳይት ነው (ከ1 እስከ 10 ባለው የሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 3)። ጠርሙስ ከጫረ ግን ወዲያው ኳርትዝ (7) አትበሉት፤ ፌልድስፓርም (6) ይጭራል። የአካባቢው አለት ውስጥ ፌልድስፓር ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የሚለየው በጠፍጣፋ ገጽ ስለሚሰበርና ድንጋዩን ስታዞሩት ገጹ ስለሚያንጸባርቅ ነው። የኳርትዝ ስብራት ያልተስተካከለ ነው።

የገዛችሁት የወሎ ኦፓል ቀለሙ ጠፋ

ምክንያት፦ ይህ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል። ሲርስ ብርሃን አሳላፊ ይሆንና የቀለም ጨዋታው ይደበቃል፤ ክብደቱም ይጨምራል። በግራም ስትገዙ ይህን አትርሱ።

መፍትሄ፦ ጥላ ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት አስቀምጡት። በየቀኑ መዝኑት፤ ክብደቱ መውረድ ሲያቆም ደርቋል። ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል። ፀሐይ ላይ ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማቻኮል ይሰነጥቀዋል፤ ስንጥቁ ደግሞ አይመለስም። ሳሙና፣ ዘይትና ሽቶ አታስነኩት፤ ወደ ውስጥ ገብተው ቀለሙን ለዘለቄታው ሊያበላሹት ይችላሉ።

ፑሚሱ ሰጠመ

ፑሚስ ቀላልና ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከሰጠመ ቀዳዳዎቹ ውሃ ሞልተው ይሆናል። ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁና እንደገና ሞክሩ። ደርቆም ወዲያው ከሰጠመ፣ ቀለሙም ቀይ ወይም ጥቁር ከሆነ፣ ስኮሪያ (ከፑሚስ የሚከብድ ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ከሐይቅ ዳር በመጣው ድንጋይ ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ

ውሃው ሲተን የቀረ ጨው ነው። በዝናብ ውሃ ዘፍዝፉት፣ ውሃውን በየቀኑ ቀይሩ፤ ደርቆ ዱቄት እስካልወጣበት ድረስ ድገሙት። የተገኘበትን ቦታና ቀን የያዘውን ወረቀት ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ።