ደንበኛው ምን ሰማ? የድርጅት መልእክት ፍተሻ አሠራር

የተቀናጀ ኮሙኒኬሽን ጥናት በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ መልክ ሲይዝ፣ ዋና ሐሳቡ ማስታወቂያንና የሕዝብ ግንኙነትን በአንድ ድምፅ ማናገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ እየዋለ እያደረ ወደ ሰሚው ዞሯል። ድርጅቱ በየመንገዱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገረው እርስ በርሱ መስማማቱን የሚያየው ይህ ፍተሻም የሚጀምረው ከሰሚው ነው።

አንድ ጉዳይ ብቻ ምረጡ፤ ለምሳሌ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ለውጥ። በ90 ቀናት ውስጥ ስለ እሱ የወጣውን ሁሉ ሰብስቡ፦ የቴሌግራምና የፌስቡክ ጽሑፍ፣ ኤስኤምኤስ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ፣ የጥሪ ማእከል መልስ፣ ለቅርንጫፎች የተላለፈ ሰርኩላር። በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንም ፋይል ስለማያደርገው ፎቶ አስነሡት።

ሁሉንም ኤክሴል ላይ አስፍሩ፦ ቀን፣ ቋንቋ፣ የተጠቀሰው ቁጥር፣ ቅድመ ሁኔታው፣ ጸሐፊው፣ ያጸደቀው ሰው። የመጨረሻውን ዓምድ አጥብቃችሁ እዩት። ለአንድ ጉዳይ ሦስት አጽዳቂ ካለ፣ ጸሐፊዎችን ማሠልጠን ብቻውን ችግሩን አይፈታም።

መልእክት በብዛት የሚጋጨው በሚከተሉት ቦታዎች ነው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ ኤስኤምኤስ ክፍት ቦታን ጨምሮ 70 ምልክት ብቻ ይይዛል፤ በላቲን 160። ወጪ ለመቀነስ ሲያሳጥሩት መጀመሪያ የሚቆረጠው ቅድመ ሁኔታው ነው፤ ደንበኛው ክፍያው እሱንም የሚመለከት ይመስለዋል። ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ያጣላሉ፦ መተግበሪያው «9:00» ሲል ወረቀቱ «ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ግን ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። «ሐምሌ 1 (ጁላይ 8)» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ሌላው ትርጉም ነው፤ አማርኛው ከታረመ በኋላ የአፋን ኦሮሞውና የሶማልኛው ቅጂ በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ይቀራል።

አሁን እንደ ደንበኛ ጠይቁ። ጥሪ ማእከል በተለያየ ሰዓት ሦስት ጊዜ ደውሉ፣ ሦስት ቅርንጫፍ ሂዱ፣ ጥያቄው ቃሉ ሳይለወጥ አንድ ይሁን። የበር ጥበቃውንም ጠይቁ፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና። መልሱን ሳታሳምሩ ጻፉ።

ውጤቱን በተከታይ ብዛት አትለኩ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የወጡት የባርሴሎና መርሆዎች (የኮሙኒኬሽን ሥራ ውጤት እንዴት እንደሚለካ የሚናገሩ ዓለም አቀፍ መርሆዎች) የዜና ሽፋንን በማስታወቂያ ዋጋ መተመንን እንኳ ውድቅ አድርገዋል። የሚጠቅመው ከእርማቱ በፊትና በኋላ ባሉ ሁለት ሁለት ሳምንታት ስለ ጉዳዩ ለጥሪ ማእከል የቀረቡትን ጥያቄዎች ማነጻጸር ነው።

እርማቱ ከአንድ መነሻ ጽሑፍና ከአንድ ባለቤት ይጀምር። ሕዝብ ከመስማቱ ከአንድ የሥራ ቀን በፊት ለቅርንጫፎች ይድረስ፤ ለጥበቃውም ጭምር።