ውሃ ከሴል ሲገባና ሲወጣ በድንች እንዴት ማየት እንደሚቻል

ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። አንድ ድንች፣ ጨው፣ ሁለት ብርጭቆና ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ሚዛን ከሌለ በማስመሪያ ርዝመቱን መለካት ይቻላል፤ እኔ ግን አልወደውም፣ በሚሊ ሜትር ስትጨቃጨቁ ትውላላችሁ።

ድንቹ ጥሬ ይሁን። ይሄ ደግሞ ይነገራል ወይ አትበሉ። ለእህቴ ልጅ ላሳየው ስል ለሰላጣ የተቀቀለ ድንች ተርፎ ነበርና «ያው ድንች ነው» ብዬ ከእሱ አንዱን ቁራጭ ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን ጨው ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ከሰዓታት በኋላ ሁለቱም ልፍስፍስ። ልጁ ሳቀብኝ። ለካ የተቀቀለ ድንች ሴሉ ሞቷል፤ ውሃ እያሳለፈ ጨውን የሚያግደው ስስ ሽፋን በሙቀት ይበላሻል፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ጨውም እንዳሻው ይገባል።

ልጣጩን አንሱና 5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝሙ፣ እንደ ጣት የወፈሩ ሁለት ቁራጮች አውጡ።

አሁን መመዘን ነው፤ ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁራጩ ራሱ ጥቂት ግራም ብቻ ስለሆነ ላዩ ላይ የቀረ ጠብታ ውጤቱን ያዛባዋል። ሶፍት ላይ አንከባልሉት፣ ግን አትጭመቁት፣ ከጨመቃችሁት የውስጡም ውሃ ይወጣል። ስትነክሩም ስታወጡም ያንኑ ያህል አድርቁት። አንዴ መጀመሪያ አድርቄ በኋላ እርጥቡን መዝኜ፣ ጨው ውስጥ የነበረው ምንም ያልቀነሰ መስሎኝ ነበር።

ክብደቱን ጻፉ። አንዱን ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ሌላውን አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው በሟሟበት ብርጭቆ ውስጥ ከትታችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉት።

የንጹህ ውሃው ከብዶና ጠንክሮ ታገኙታላችሁ፣ ስትሰብሩት ቀጭ ይላል። የጨዉ ቀልሎ እንደ ላስቲክ ይተጣጠፋል። ጨው ሽፋኑን በቀላሉ አያልፍም፣ ውሃ ግን ያልፋል፤ የሚሄደውም የሟሟ ነገር ወደሚበዛበት ወገን ነው። ኦስሞሲስ የሚባለው ይሄ ነው። ቲማቲም ሰላጣ ላይ ጨው ነስንሳችሁ ትንሽ ስትቆዩ ሳህኑ ውሃ የሚያቁረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ድንቹ ውሃ ጠጥቶ የማይፈነዳው ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ ስላለው ነው። ቀይ የደም ሴል ግድግዳ የለውም፣ ንጹህ ውሃ ውስጥ ከገባ ይፈነዳል። ሐኪም ቤት በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውሃ በሊትር 9 ግራም ጨው የሚኖረው ለዚህ ነው። ሦስተኛ ብርጭቆ ካላችሁ በዚያ ልክ በጥብጣችሁ ሞክሩት፤ ከጨዋማው ብርጭቆ ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱን ሚዛኑ ይነግራችኋል።