መጀመሪያ ሰፍቶ ኋላ መሸንሸን

እኛ ልብስ ሰፊዎች ሽንሽን ስንሠራ ጨርቁን ሸንሽነን ነው የምንሰፋው። ጃፓናዊው የልብስ ዲዛይነር ኢሴይ ሚያኬ ግን ገለበጠው። ልብሱን ከሚፈለገው ልክ ከ2 ተኩል እስከ 3 እጥፍ አስፍቶ ይሰፋና፣ ያለቀውን ልብስ በወረቀት መሃል አድርጎ በሙቀት መጭመቂያ ይሸነሽነው ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ1993 «ፕሊትስ ፕሊዝ» የተባለውን የሽንሽን ልብስ ምርቱን የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው። ባህር ዳር ባለችው ሱቄ መጭመቂያ የለኝም፤ ስለዚህ በድስት ሞከርኩት።

ጨርቁ ፖሊስተር ይሁን። ሻጩ የሚላችሁን አትመኑ፤ ከጠርዙ አንድ ክር መዛችሁ ለኩሱ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ሲበርድ እንደ ዶቃ ይደርቃል። ይኸው መቅለጡ ነው የሚጠቅመን፦ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ታጥፎ ከቀዘቀዘ እጥፋቱን ይይዛል። የመጀመሪያዬን በጥጥ ሠርቼ አንዴ ሲታጠብ አንሶላ ሆኖ ቀረ።

ለአንድ አጭር ሸሚዝ 120 በ50 ሴንቲሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጮች ያዙ። ትከሻውንና ጎኑን ስፉ፤ ለአንገትና ለክንድ ክፍት ተዉ። ታችኛውን ጠርዝ ሁለቴ አታጥፉ፣ ዚግዛግ ይበቃዋል፤ አለዚያ ሽንሽኑ እዚያ ላይ ይወፍርና አልታጠፍም ይላል። አሁን በእጃችሁ ያለው ጆንያ ነው፤ አትደንግጡ።

ሁለት ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ደራርባችሁ በየ1 ተኩል ሴንቲሜትር፣ አንዴ ወደፊት አንዴ ወደኋላ እጠፉ፤ 80 እጥፋት ይወጣዋል። ወረቀቱ ካነሰ በማሽን ቀጥሉት፣ ሙጫ በእንፋሎት ይለቃል። በረንዳ ላይ አትሥሩ፤ የጣና ነፋስ አንዴ ሥራዬን ሁሉ በትኖብኛል። ከዚያ ልብሱን በሁለቱ ወረቀቶች መሃል ዘርግታችሁ በዚያው እጥፋት መልሳችሁ እጠፉት፣ በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት አጣብቃችሁ በጨርቅ ክር እሰሩ።

የድግስ ድስት ያስፈልጋል። ከታች ድንጋይ ደርድራችሁ እስሩን ውሃ በማይነካው ከፍታ አጋድሙና ክደኑት። ከተማችን ከባህር ጠለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እንፋሎቱም በዚያው ልክ ደከም ይላል። እኔ ለአንድ ሰዓት ተኩል እተወዋለሁ። ሳይቀዘቅዝ መፍታት ክልክል ነው፤ አሳድሩት።

ድስቱን ያዋሱኝ ጎረቤቴ ጠዋት ሲመጡ ከወረቀቱ የወጣችውን ቀጭን ነገር አይተው «ይቺ ለየትኛው ሕፃን ናት?» አሉኝ። ሲለብሷት ተለጥጣ ልካቸው ሆነች። ለብሰዋት ሄዱ፤ ድስቱ እስካሁን እኔ ጋ ነው።