የሚጥል በሽታና እርግዝና፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምርመራው እርግዝና መኖሩን ባሳየበት ምሽት፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ሴቶች መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ ክኒናቸው ነው። አንዳንዶቹ ጠርሙሱን መሳቢያ ውስጥ ከተው ይዘጉበታል። "ልጄን ይጎዳብኛል" ብላ የሰጋችን እናት ማን ይወቅሳታል? ግን ከስህተቶቹ ሁሉ ከባዱ ይሄው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ

መድኃኒቱ በድንገት ሲቆም በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊነሳ ይችላል። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳይለቅ ሌላው ሲተካ፣ ወይም ከ5 ደቂቃ በላይ ሲዘልቅ የእናትም የፅንስም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። መላ ሰውነት ሲንቀጠቀጥ የእናት ትንፋሽ ይስተጓጎላል፣ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅንም ይቀንሳል። በሆድ መውደቅ ደግሞ የእንግዴ ልጁን ከማኅፀን ሊያላቅቀው ይችላል።

ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ የወር አበባ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት ሲሆን ማለት ነው። እርግዝናው ሲታወቅ ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አልፏል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ክኒን መጣል የተፈራውን ጉዳት ላያስቀር፣ የመንቀጥቀጡን አደጋ ግን ይጨምራል።

ሁሉንም መድኃኒት በአንድ ዓይን ማየት

ከማንኛውም 100 እርግዝና በ2 ወይም በ3ቱ ከባድ የአፈጣጠር ችግር ሊያጋጥም ይችላል። ላሞትሪጂንና ሌቬቲራሴታም የተባሉትን የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች በሚወስዱ እናቶች ላይ ቁጥሩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ቫልፕሮት በተባለው መድኃኒት ላይ ግን ወደ 10 ይደርሳል፤ መጠኑ በጨመረ ቁጥርም ይብሳል። ከዚያም በላይ፣ ማኅፀን ውስጥ ለቫልፕሮት ከተጋለጡ 100 ልጆች ከ30 እስከ 40ዎቹ በንግግር፣ በትምህርት ወይም በባህርይ እድገት ችግር ሊገጥማቸው ይችላል። ቶፒራሜት የተባለው መድኃኒት ደግሞ ከከንፈርና ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር ይያያዛል።

መድኃኒት የሚቀየረው ከእርግዝና በፊት ነው፤ አዲሱ መሥራቱ እስኪታይ ወራት ይፈጃልና። ቫልፕሮት የምትወስድ ወጣት ሐኪሟ ስለ ልጅ ካላነሳባት እሷ ታንሳበት። በቫልፕሮት ላይ እያሉ ካረገዙም ክኒኑን ሳያቋርጡ በዚያው ሳምንት ሐኪምዎን ያግኙ።

የወሊድ መከላከያውን አምኖ መቀመጥ

ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ጉበት ሆርሞንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። በዚህ ምክንያት የሚዋጠው መከላከያም ሆነ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ሊከሽፍ ይችላል። ማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕና የሦስት ወሩ መርፌ ግን በእነዚህ መድኃኒቶች አይነኩም። ላሞትሪጂን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት መከላከያ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒቱን መጠን ያወርደዋል። ያልታሰበ እርግዝና ደግሞ ከላይ ያልኩትን ዝግጅት ሁሉ ያሳጣል።

ፎሊክ አሲድን ዘግይቶ መጀመር

የ28 ቀኑን ነገር ያስታውሱ፤ ክትትል ሲጀመር የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ ለቱቦው ይዘገያል። ከፅንሰት በፊት ይጀመር። መጠኑ እንደየአገሩ መመሪያና እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ0.4 እስከ 5 ሚሊግራም ይለያያል። የቫልፕሮትን ጉዳት ግን ያጠፋል ብለው አይመኑበት።

ዘጠኙን ወር በአንድ መጠን መዝለቅ

አንዲት ሴት ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይጥላት ቆየች እንበል። በአራተኛው ወሯ አንድ ጠዋት ጥርሷን ስትቦርሽ እጇ ድንገት ይወራጭና ብሩሹ ይወረወራል። "እንቅልፍ አጥተሽ ነው" ይሏታል። በማግስቱ ይደገማል። ክኒኗን አንድ ቀን አላስተጓጎለችም፤ ግን የምትወስደው ላሞትሪጂን በእርግዝና ሆርሞን ምክንያት ከደም ቶሎ ይወጣል፣ መጠኑም በግማሽና ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል። ሌቬቲራሴታምም ይቀንሳል። የምትውጠው ያው ነው፣ ደሟ ውስጥ ያለው ግን ያው አይደለም።

መፍትሔው ከእርግዝና በፊት የደም መጠኑን ለክቶ መያዝ፣ ከዚያ በየወሩ ገደማ ማነጻጸር ነው። ምርመራው በሌለበት ሐኪሙ ምልክቱን እያየ መጠኑን ይጨምራል። ትንሿን መወራጨት ሳትንቅ መንገር ያለባት እሷ ናት።

ከወሊድ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ሰውነት በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የጨመረው መጠን ካልተቀነሰ ይበዛባታል። ታዞራታለች፣ ነገሮች ሁለት ሆነው ይታዩዋታል፣ ሕፃኑን እንዳቀፈች ትንገዳገዳለች። አራስ ስለሆነች ሁሉም ድካም ነው ይላል። የመቀነሻው ዕቅድ ከምጥ በፊት በጽሑፍ እጇ ላይ ይኑር።

ማስመለስንና እንቅልፍ ማጣትን መናቅ

ክኒኑ እንደተዋጠ ቢወጣ ምን እንደሚደረግ አስቀድመው ይጠይቁ። እንቅልፍ ማጣት ብቻውን በሽታውን ይቀሰቅሳል።

መንቀጥቀጥን ሁሉ ለድሮው በሽታ መስጠት

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያንቀጠቀጣት እናት የደም ግፊቷ ይለካ፣ ሽንቷም ለፕሮቲን ይታይ። ኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ማግኒዥየም ሰልፌት እንጂ የዘወትር ክኒኗ አይደለም። "እሷኮ ድሮም አለባት" የምትለዋ ቃል ሰዓት ታስበላለች። ማንም ቢሆን አጠገቧ ያለ ሰው በጎኗ ያስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም አይክተት፣ አምቡላንስም ወዲያው ይጥራ።

"በኦፕራሲዮን ካልሆነ" ማለት

በሽታው ብቻውን ለኦፕራሲዮን ምክንያት አይሆንም፤ አብዛኞቹ በምጥ ይወልዳሉ። ግን ጤና ተቋም ውስጥ ይሁን፣ ክኒኑም አብሮ ይሂድ፤ በምጥ ሰዓት መጠን መዝለል የተለመደ ስህተት ነው።

ጡት መከልከል

አብዛኞቹ መድኃኒቶች ጡት ከማጥባት አያግዱም። ፌኖባርቢታል ሕፃኑን ሊያፈዝ ስለሚችል በደንብ መጥባቱን መከታተል ነው። ለሌሊቱ አንዱን ማጥቢያ ሌላ ሰው በታለበ ወተት ቢረከብ እናቲቱ ትተኛለች። ሕፃኑን ወለል ላይ ተቀምጣ ታጥባው፣ ዳይፐሩንም ወለል ላይ ትቀይርለት፤ ብቻዋን ሆና ግን ገላውን አትጠበው።